ልጄ የለቀመው ዛጎል የድሮውን የባሕር ጠለል ሊነግረን ይችላል?

የናሆም አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለች ናት፤ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።

ልጄ ናሆም 11 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት «ባሕር ድሮ የት ድረስ እንደነበረ በምን እናውቃለን?» የሚል የሳይንስ ሥራ ሰጥተውታል። እኔም አባት ነኝ ብዬ ሁለት ቅዳሜ ይዤው ወጣሁ። መጀመሪያ ካልቨርት ክሊፍስ ሄድን። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውኃው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በጫካ ውስጥ በእግር ነው። ጉልበቴ እስከ ዛሬ አልማረኝም። በሳምንቱ ደግሞ ፖይንት ሉክአውት ወረድን፤ የፖቶማክ ወንዝ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ነው። ልጁ ያገኘውን ዛጎል ሁሉ በእንጀራ ላስቲክ ሞልቶ መጣ። መኪናዬ አሁንም ይሸታል።

ከሁሉም ሦስቱ ግራ አጋቡኝ። አንዱ ከካልቨርት ነው። መዳፌን ያክላል፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ መስመር ያለው፣ ከባድ። ሁለተኛው ከፖይንት ሉክአውት የተገኘ ወፍራም ኦይስተር ነው፤ ከሰል መስሏል፣ ጥቃቅን ቀዳዳም አለበት። ሦስተኛው ነጭና ስስ ነው። ሁለቱ ክዳኖቹ ገና አልተላቀቁም፤ ውስጡ ጭቃ ሞልቶታል። ይሄኛውን ናሆም ሞገድ ከበላው የጭቃ ግድግዳ ላይ ነው መንጭቆ ያወጣው።

አንድ ወዳጄ «ቀላል ነው፤ ዛጎሉ የተገኘበት ከፍታ የድሮው ባሕር ከፍታ ነው» አለኝ። እውነት ነገሩ እንደዚህ ቀላል ነው? ልጁ ይህንን ጽፎ መምህሩ ፊት እንዳይዋረድብኝ።

ቡና_ያለስኳር

ወንድሜ ዛጎሉስ ይሁን፤ እንጀራው የት ገባ?

ደለል_ቆጣሪ

የናሆም አባት፣ ጥያቄህን ሳይ ሳቄ መጣ። የእኔ እንጀራ ይኸው ነዋ! አራት ኪሎ ጂኦሎጂ ተምሬ ስመረቅ ወርቅ ወይም የከርሰ ምድር ውኃ ስፈልግ እኖራለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአሜሪካን ጭቃ ለሁለት ስሰነጥቅ ኖርኩ። ረጅም ቱቦ በደለሉ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጭቃውን እንደያዘ ይወጣል፣ ከዚያ እኛ ጋ ይመጣል። ቱቦው በመጋዝ፣ ጭቃው ደግሞ በስስ ሽቦ ይከፈላል፤ ቤት ውስጥ ሳሙና በክር እንደሚቆረጠው ማለት ነው። ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ አንተ አሁን መኪናህ ውስጥ አለህ።

ወዳጅህ ያለው ነገር ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ ግን ልጁን ያዋርደዋል።

ከካልቨርቱ ልጀምርና ቶሎ ላስወግደው። ከነገርከኝ ቼሳፔክተን የሚባለው ከምድር የጠፋ ዛጎል ለባሽ ይመስለኛል። ካልቨርት ገደል ላይ ያለው አብዛኛው ዛጎል ዕድሜው ከ10 ሚሊዮን ዓመት ያልፋል። ያኔ ቼሳፒክ የሚባል የወንዝ አፍ አልነበረም፤ ቦታው በሙሉ ጥልቀት የሌለው ክፍት ባሕር ነበር። ስለዚህ «ባሕር እዚህ ድረስ ነበር» ይልሃል፣ እውነቱን ነው፤ ለናሆም ጥያቄ ግን በጣም ሩቅ ዘመድ ነው። አንድ ነገር ግን ጻፉበት። የዚህ ዛጎል ዘመድ የሆነው የቨርጂኒያው እ.ኤ.አ. በ1687 እንግሊዝ አገር መጽሐፍ ላይ ተሥሏል። ከሰሜን አሜሪካ ቅሪተ አካሎች ሥዕሉ በመጽሐፍ የታተመለት የመጀመሪያው እሱ ነው። መምህሩ ይወደዋል። (በነገራችን ላይ ገደሉ ሥር አትቁሙ። ይናዳል። መቆፈርም ክልክል ነው፤ ዳር ላይ የወደቀውን ብቻ መልቀም።)

አሁን ወደ ፖይንት ሉክአውት።

የቼሳፒክ ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ፣ የበረዶው ዘመን ሲበረታ፣ የዓለም ውኃ በየብስ ላይ በረዶ ሆኖ ተቆልሎ ነበር። የባሕር ጠለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ወርዷል። ዛሬ ሰው ጀልባ የሚነዳበት ቦታ ሸለቆ ነበር። ሰስኰሃና የሚባለው ወንዝ በሸለቆው መሃል አልፎ ወደ ሩቁ ባሕር ይወርዳል። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ በወንዙ አፍ ገብቶ ሸለቆውን ቀስ በቀስ ሞላው። ቼሳፒክ ማለት የሰጠመ የወንዝ ሸለቆ ነው። አማካይ ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የድሮው ወንዝ ቦይ በቀረበት ቦታ ግን፣ ብለዲ ፖይንት አጠገብ፣ 50 ሜትር ያልፋል።

እንግዲህ ባሕሩ ሽቅብ ሲገባ ጨዉም አብሮ ገባ። ዛጎል ለባሾች ደግሞ በጨው ጉዳይ ቀበጦች ናቸው። የቼሳፒክ ውኃ ከላይ፣ ሰስኰሃና ከሚገባበት በኩል፣ የሚጠጣ ያህል ነው። ከታች ከውቅያኖስ ጋር ሲገናኝ ወደ ባሕር ውኃነት ይጠጋል። ኦይስተር መሃል ላይ ይመቸዋል፤ ጨርሶ ጨው በሌለበት አይኖርም። ያ ወፍራሙ፣ ሰው ጥሬውን በሎሚ የሚበላው ኳሆግ የሚባለው ክላም፣ ከኦይስተርም የበለጠ ጨው ይፈልጋል። ራንጂያ የምትባለው ክላም ደግሞ ጨው ሲበዛባት ትጠፋለች። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ወደ ታች ስትቆፍር መጀመሪያ ኦይስተር፣ ከሥሩ ጨው የማይወዱት፣ ከነሱ ሥር የወንዝ ጠጠር ካገኘህ፣ ባሕሩ ወደዚያ ቦታ ሲመጣ እያየኸው ነው። ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው።

አሁን የናሆምን ኦይስተር አምጣውና ቀዳዳዎቹን እይ። ብዙ፣ ጥቃቅን፣ ዛጎሉን እንደ ወንፊት ያደረጉ ከሆኑ ስፖንጅ (የዕቃ ማጠቢያው ሳይሆን የባሕሩ እንስሳ) ነው የቦረቦረው። አንድ ብቻ ሆኖ፣ በመሰርሰሪያ የተበሳ ያህል ክብ ከሆነ ግን ገዳዩን አገኘኸው። ኦይስተር ድሪል የሚባል ትንሽ ቀንድ አውጣ አለ፤ ዛጎሉን ቀስ አድርጎ ይበሳና ሥጋውን ይመጥጣል። ይሄ ቀንድ አውጣ ውኃው ሲቀጥን አይኖርም። ስለዚህ ቀዳዳዋ ራሷ ስለ ጨው ምስክር ናት። ለልጅ ከዚህ የተሻለ የወንጀል ምርመራ የት ይገኛል?

ከሰል መምሰሉ ግን አያታልላችሁ። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ዛጎል በጥቂት ጊዜ ይጠቁራል። ጥቁር ማለት አሮጌ ማለት አይደለም። ደግሞ የሜሪላንድ ግዛት ለብዙ ዓመታት ከቼሳፒክ ወለል ሥር የተቀበረ አሮጌ የኦይስተር ዛጎል እየዛቀ፣ ጫጩቶቹ እንዲይዙበት ብሎ በሌላ ቦታ ይበትነው ነበር። ነባር ሕዝቦችም ለሺህ ዓመታት እየበሉ የጣሉት ክምር በፖቶማክ ዳር አለ። ስለዚህ ኦይስተርህ ባለፈው ዓመት የሞተ ሊሆን ይችላል፤ ከፈርዖን በፊት የሞተም ሊሆን ይችላል። ማን አምጥቶ እዚያ እንደጣለውም አናውቅም።

ነጩ ዛጎል ላይ ግን ልቤ ደነገጠ።

ስስ፣ ነጭ፣ ሁለቱ ክዳኖች ያልተላቀቁ፣ ከጭቃ ግድግዳ የወጣ፤ ይሄ ማያ ይመስለኛል። የሳይንስ ስሟ ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን እንዴት ገጠመ! ማያ በሕይወት ሳለች ጭቃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጠልቃ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ረጅም አንገቷን ሽቅብ ዘርግታ ውኃ ትስባለች። ቦታዋን አትለቅም። እዚያው ስትሞት እንደቆመች ትቀራለች።

እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ዛጎል ሲወጣ ከዕድሜው በፊት የምንጠይቀው ይህንን ነው፦ ቤቱ ነው የሞተው ወይስ ተወስዶ የተጣለ ነው? ሁለቱን ክዳን የሚያያይዘው ጅማት ከሞት በኋላ ይበሰብሳል። ሞገድ ካንከባለለው ክዳኖቹ ይለያያሉ፣ ጠርዛቸው ይሸረፋል፣ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ብቻ ተመርጠው ይከማቻሉ። ተያይዘው፣ ቆመው፣ ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ከተገኙ ግን ሠፈራቸው ነው። የተሰደደ ዛጎል ስለ ሠፈሩ ምንም አይነግርህም። እኔም ስደተኛ ነኝና ይህን ስል ትንሽ ያመኛል።

ናሆም ነቅሎ ከማውጣቱ በፊት ቆሞ ነበር ወይስ ተኝቶ? አንገቱ የሚወጣበት ጫፍ (ክዳኖቹ ሲገጠሙ እንኳ ክፍተት የሚቀርበት በኩል) ወደ ላይ ነበር? ፎቶ አላነሳችሁም፣ አይደል? አዝናለሁ። ለዛጎል መነቀል ማለት ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ከችሎት ማስወጣት ነው።

በእኔም ደርሷል። በሥራዬ ሁለተኛ ዓመት ከአራት ሜትር ጥልቀት አንዲት ቆንጆ ዛጎል አገኘሁ። ሁለት ክዳን፣ ንጹሕ። ደስ ብሎኝ «በቦታው ያለ» ብዬ መዘገብኩ፣ ለዕድሜ ምርመራም ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ሦስት ሜትር ላይ ካለው ደለል በብዙ መቶ ዓመት ያንሳል። ልጅቷ ከአያቷ ሥር ተኝታለች! ለካ ቱቦው ሲገባ ከላይ ተንሸራታ በጠርዙ በኩል ወርዳ ነው። ጠጋ ብዬ አይቼ ቢሆን በዙሪያዋ ያለው ጭቃ ቀለሙ ከቀረው ትንሽ ፈካ ይል ነበር። አለቃዬ አልተቆጣም። «ቱቦው ጠርዝ ላይ ያለን ዛጎል እንዳታምኚ» ብቻ አለኝ። ይኸው አሁን ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ያለውን ሁሉ አልነካም።

እሺ፣ ዛጎሏ ቤቷ ሞታለች እንበል። አሁንስ የባሕር ጠለልን ትነግረናለች? ወዳጅህ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማያ የምትኖረው ከውኃው ዳር ጀምሮ እስከ ብዙ ሜትር ጥልቀት ድረስ ነው። ስለዚህ ከዛሬው ባሕር 9 ሜትር ዝቅ ብላ ቆማ ብትገኝ (ቁጥሩን ለምሳሌ ነው የወሰድኩት) የምትልህ «ያኔ ባሕሩ ከእኔ በላይ ነበር» ነው። ምን ያህል በላይ? አታውቅም። ሁለት ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ሰባትም ሊሆን ይችላል። የምትሰጥህ ወለሉን ነው፤ «ቢያንስ» የሚለውን።

ጣሪያውን የሚሰጥህ ሌላ ነው። ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት እዚያ የበቀለ የረግረግ ሣር፣ ታምቆ ጥቁር ፒት የሆነ። የጣፋጭ ውኃ ፒት ካገኘህ ያኔ ባሕሩ ከዚያ በታች ነበር ማለት ነው። ዛጎሏ ከታች፣ ፒቱ ከላይ ሆነው ዕድሜያቸው ከተቀራረበ ባሕሩን በመሃላቸው ይዘኸዋል። ፒቱ ደግሞ ከሥሩ ድፍን አሸዋ ላይ ያረፈ ቢሆን ይመረጣል። ለስላሳ ጭቃ ላይ ያለ ፒት ከላዩ ክብደት ሲጫነው ይታመቃል፣ ይወርዳል፣ ከፍታውም ይዋሻል።

ከዛጎል ወገን ጠባብ መልስ የምትሰጥ አንዲት አለች። ሪብድ መስል ትባላለች፤ ጥቁር ቡኒ፣ ጎድን ጎድን ያላት። የጨው ረግረግ ሣር ሥር ግማሽ አካሏን ቀብራ ነው የምትኖረው፤ ውኃው በየቀኑ ሞልቶ በሚጎድልበት ክልል ውስጥ። ከሥሩ ጋር እንደተጣበቀች ካገኘሃት ባሕሩን በጥቂት ስንዝር ስሕተት ትነግርሃለች። ፖይንት ሉክአውት አካባቢ የውኃው መሙላትና መጉደል ግማሽ ሜትር ስለማይሞላ ነገሩ የበለጠ ይጠብባል። የኦይስተርና የማያ ግርግር ውስጥ እሷን ካገኘን ያን ቀን ምሳ እኔ ነኝ የምጋብዘው።

ዕድሜውን የምናውቀው በካርቦን 14 ነው፤ ፍጡሩ ከሞተ በኋላ በታወቀ ፍጥነት እየቀነሰ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት ነው። እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለካ አይቀርም። ዛጎል ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ። ባሕር ውስጥ ያለው ካርቦን ለረጅም ጊዜ የቆየ ነው። ዛጎሉ ቅርፊቱን የሚሠራው ከዚያ ስለሆነ ገና በሕይወት እያለ 400 ዓመት ያህል ያረጀ ይመስላል። አርጅቶ ነው የሚወለደው። የወንዝ አፍ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሰስኰሃና የፔንስልቬንያን የኖራ ድንጋይ እያጠበ ስለሚመጣ እጅግ የጥንት ካርቦን ይጨምርበታል። መጠኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለዚህ ነው ከአንድ ንብርብር ዛጎልም ቅጠልም ስናገኝ ሁለቱንም የምንልከው። ቅጠሏ ካርቦኗን የወሰደችው ከአየር ነው፤ በዚህ በኩል አታሳስትም።

በጣም ረዘመ፣ ይቅርታ።

ብርዱ_ስቶክሆልም

ደለል ቆጣሪ እጅሽ ይባረክ። እኔ ጂኦሎጂስት አይደለሁም፤ አውቶቡስ ነው የምነዳው። ግን እዚህ ስዊድን የዛጎል ነገር የትምህርት ቤት ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። የባልቲክ ባሕር የድሮ ዘመኖች ስም የወጣላቸው በዛጎል ለባሾች ነው! ዮልዲያ ባሕር፣ አንሲሉስ ሐይቅ፣ ሊቶሪና ባሕር። ዮልዲያ የቀዝቃዛ ጨው ውኃ ባለ ሁለት ክዳን ናት። አንሲሉስ የጣፋጭ ውኃ ቀንድ አውጣ ናት፤ ያኔ ባልቲክ ከውቅያኖስ ተቆርጦ ሐይቅ ሆኖ ነበር። ሊቶሪና እንደገና ጨው ወዳድ ናት። የባሕሩ ስም ሲለዋወጥ ጨው ሲገባና ሲወጣ ታየዋለህ። የሊቶሪና ዘመን ዛጎሎች ዛሬ ዘሮቻቸው በማይደርሱበት ሰሜን ድረስ ይገኛሉ፤ ውኃው አሁን ቀጥኖባቸዋል።

ሌላው፣ ምዕራብ ዳርቻ ኡደቫላ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ከባሕሩ ርቆ ኮረብታ ላይ የዛጎል ክምር አለ፤ ተራ ክምር እንዳይመስልህ፣ ሰው ለመንገድና ለዶሮ መኖ ሲዝቀው የኖረ ነው። ታዋቂው የስዊድን የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔዎስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1746 ሄዶ አይቶታል። እንግዲህ ዛጎሉ ወደ ኮረብታ አልወጣም። መሬቱ ነው የተነሣው። ስቶክሆልም ዛሬም በዓመት ወደ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ትላለች።

ጥያቄ አለኝ፦ እናንተ ጋ መሬቱ ይወርዳል ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ ጋ ይወጣል። እንዴት ነው ነገሩ?

ደግሞ ማያን በተመለከተ አንድ ወሬ ልጨምር። አውሮፓ ውስጥ ከበረዶው ዘመን በኋላ ጠፍታ ነበር፤ ከአሜሪካ ነው የመጣችው። ሁሉም ከኮሎምበስ በኋላ ነው ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ግን የዴንማርክ ተመራማሪዎች ዕድሜዋን ሲለኩ 13ኛው ክፍለ ዘመን ሆነች። ቫይኪንጎች ሳያውቁ ይዘዋት መጥተው ይሆናል ተባለ።

ደለል_ቆጣሪ

ብርዱ፣ አንተ አውቶቡስ ውስጥ ምን እየሠራህ ነው?

መልሱ ሊጥ ነው። ቡኮ ላይ መዳፍህን ብትጫን እጅህ ያረፈበት ይሰረጉዳል፣ ዙሪያው ግን ያብጣል። ስዊድን መዳፉ ሥር ነበረች፤ ከላይዋ ኪሎ ሜትሮች ውፍረት ያለው በረዶ ነበር። ስለዚህ አሁን ትነሣለች። የእኛው በረዶ እስከ ሰሜን ፔንስልቬንያ ድረስ ነው የመጣው። ሜሪላንድ ያበጠው ዙሪያ ላይ ነበረች። አሁን እብጠቱ እየሟሸሸ ነው፣ እኛም እንወርዳለን። አንድ ዓይነት ዛጎል፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ፣ እናንተ ጋ ኮረብታ ላይ፣ እኛ ጋ ጭቃ ሥር። ለዚህ ነው የአንድ ቦታ ዛጎል ስለ ዓለም ባሕር ብቻውን አይናገርም የሚባለው። የሚናገረው በዚያ ቦታ ባሕሩና መሬቱ እንዴት እንደተያዩ ነው። ናሆም ይቺን ይጻፋት።

እኔ_ልጠይቅ

ይቅርታ ግን፣ ባሕሩ 120 ሜትር ወርዶ ወጥቶ ከሆነ የዛሬው ጥቂት ሚሊ ሜትር ምን ያስጮኻል? ድሮም ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ነው።

ደለል_ቆጣሪ

ጥያቄው ነውር የለውም። ባልቲሞር ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ የባሕሩን ከፍታ የሚመዘግብ መለኪያ አለ። በዓመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል። ግማሽ ያህሉ የእኛ መውረድ ነው፤ ከላይ ያልኩት ሊጥ። ካለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት ደለል በዚህ ዳርቻ የምናነበው ግን በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከነመውረዱ። ልዩነቱ እሱ ነው። (እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፦ ይህንን ረቂቅ ልዩነት የሚያሳዩት ዛጎሎቹ ሳይሆኑ የረግረጉ ፒትና በውስጡ ያሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። ዛጎል ለሺህ ዓመት እንጂ ለሃምሳ ዓመት መለኪያ አይደለም።)

120 ሜትር ሲወጣ ደግሞ ዳር ላይ የነበረ ሰው ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። ዛሬ ቤት ነው ያለው። ቼሳፒክ ውስጥ ሆላንድ አይላንድ የሚባል ደሴት ነበር፤ በአንድ ወቅት ከ300 በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። የመጨረሻው ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ውኃ ውስጥ ወደቀ።

የአሳብ_ልጅ

ልጆቼ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ተወልጄ ያደግሁት አሳብ ነው፤ አሁን ጅዳ ነኝ። አባቴ የጨው ነጋዴዎች ጋ ይሠራ ነበር። ከዳናኪል የሚመጡት ሰዎች «በረሃው ውስጥ የባሕር ዛጎል አለ፤ ባሕሩ ግን የለም» ይሉ ነበር። እኛ ልጆች ተረት ይመስለን ነበር። እውነት ነው?

ደለል_ቆጣሪ

ጋሼ፣ እውነት ነው፤ ተረት አይደለም። የዳናኪል ጨው ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በዙሪያው ግን የኮራል ቅሪት እንደ መቀነት ዞሮታል፤ የባሕር ዛጎልም አብሮት አለ። ቀይ ባሕር ገብቶበት ነበር፤ የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ የዓለም ባሕር ከዛሬው ከፍ ባለበት ጊዜ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ ውኃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ያ እርስዎ የሚያውቁት አሞሌ የመጣው እንግዲህ ከዚያ ቤት ነው።

ከዚያው ዘመን ሌላም አለ። ኤርትራ ውስጥ፣ ዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር አብዱር በሚባል ቦታ፣ ከፍ ብሎ የቀረ የኮራል ድንጋይ ውስጥ ሰው የሠራቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ኦይስተርና ሌሎች ዛጎሎች አብረዋቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የታተመው። ካርቦን 14 እዚያ ድረስ አይደርስም፤ ኮራሉን በዩራኒየም ነው የለኩት። እዚያም መሬቱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ስምጥ ሸለቆ ነው፣ አንዱ ወገን ይነሣል፣ ሌላው ይሰምጣል። ስለዚህ የሚታየው ከፍታ ሁሉ የባሕር ሥራ አይደለም። ከቼሳፒክ ጋር ሲነጻጸር የአፋር መሬት ወፈፌ ነው።

የአሳብ_ልጅ

አባቴ ይህንን ቢሰማ ምንኛ ደስ ባለው። ተባረኪ ልጄ።

የናሆም አባት

እህቴ ደለል ቆጣሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም። ለናሆም ቁጭ አድርጌ አነበብኩለት። «ቤቱ ነው የሞተው?» የምትለውን ከሰማ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሰላም የለም። ትናንት ማታ ሶፋ ሥር የጠፋ ካልሲ አግኝቶ «ይሄ ተወስዶ የተጣለ ነው» አለ።

ኦይስተሩን በማጉያ አየነው። ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ወንፊት። ግን አንድ ጥግ ላይ ክብ፣ ንጹሕ፣ ብቻውን ያለ ቀዳዳ አለ። ናሆም «ሁለቱም ናቸው፤ ስፖንጁም ገዳዩም» ብሎ ፈርዷል።

ዛሬ ጠዋት ፖይንት ሉክአውት ተመለስን። ውኃው ጎድሎ ነበር። ያ የጭቃ ግድግዳ ላይ፣ ከበፊቱ ጉድጓድ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ሦስት ነጫጭ ጠርዞች ብቅ ብለዋል። አልነካናቸውም! በማንኪያ ጭቃውን ፊት ለፊት ብቻ ጠረግንለት። ሁለቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ክፍት ጫፋቸው ወደ ላይ ነው። አንዱ በጎኑ ተኝቷል። ትልቁ የእጄን አውራ ጣት ያክላል፣ ትንሹ የናሆምን ጥፍር። ከጎናቸው ማስመሪያ አቁመን ፎቶ አነሣን፤ ውኃው ያለበት መስመርም አብሮ ይታያል። ሰዓቱንም ጽፈናል። ከዚያ ትተናቸው መጣን።

አንድ ነገር ብቻ፦ ከዛጎሎቹ ሥር አንድ ጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ነገር አለ፣ ሣር ሣር የሚል። ፒት የምትይው እሱ ይሆን?

ደለል_ቆጣሪ

ፎቶውን ላክልኝ። ፒቱን ጣቶችህ መሃል አሽተኸው ነበር? ሥሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ታች የሚወርዱ ከሆኑ እዚያው የበቀለ ነው። ተኝተው ከተደራረቡ ውኃ ያመጣው ነው። ከሥሩ ያለው አሸዋ ነው ወይስ ጭቃ?